የላሟን መኖ ቀይሮ እርጎውን መቀየር

ሁለት ብርጭቆ ወተት ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ ለምለም ሣር ስትግጥ ከሰነበተች ላም የታለበ ነው። ሌላው ጭድና ፉርሽካ ስትበላ ከከረመች። ክሬሙ እስኪንሳፈፍ ጠብቁ። የመጀመሪያው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሁለተኛው ነጭ ነው። ላሞቹ እህትማማቾች ቢሆኑም ልዩነቱ አይቀርም። ቀለሙን ያመጣው ሣሩ ነው።

በዓይን የሚታየው ይሄ ብቻ ነው እንጂ ከመኖ ወደ ወተት የሚሻገረው ብዙ ነው። ሽታ የሚሰጥ አለ። ጣዕም የሚያበላሽ አለ። ላቦራቶሪ ካልገባ የማይታወቅ አለ። አደገኛም አለ። ይህ መመሪያ ጥቂት ላሞች ኖሯችሁ እርጎ ለምትሠሩ ሰዎች ነው። መኖ ስትቀይሩ ምን እንደሚለወጥ፣ በስንት ጊዜ እንደሚለወጥ፣ እርጎ ሲሆን ደግሞ የቱ እንደሚተርፍ ደረጃ በደረጃ እንሄድበታለን። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። ላሟ ቧንቧ አይደለችም። በአፏ የገባው እንዳለ በግቷ አይወጣም።

መጀመሪያ ሆዷን እንወቅ

የአንድ ትልቅ ላም የመጀመሪያው ጨጓራ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ባለሙያዎች ሩመን ይሉታል። ውስጡ ለቁጥር የሚታክቱ ባክቴሪያዎችና ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። ሣሩን ቀድመው የሚበሉት እነሱ ናቸው። ላሟ የምትኖረው እነሱ በሚያተርፉላት ነገርና በራሳቸው በተሕዋስያኑ ነው። ስለዚህ ሣሩ ውስጥ ያለ ማንኛውም ውህድ ወተት ከመድረሱ በፊት በእነሱ እጅ ያልፋል። እጅ ባይኖራቸውም።

እዚያ ሦስት ዓይነት ዕጣ ይጠብቀዋል። አንዳንዱ ብዙም ሳይነካ ያልፋል፤ ክሬሙን ቢጫ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲንና ሽታ ያላቸው ቅጠሎች ውስጥ ያሉት ተርፒኖች እንዲህ ናቸው። አንዳንዱ ተለውጦ ሌላ ነገር ይሆናል። ቀይ ክሎቨር የሚባለው የማገጥ ዘመድ ውስጥ ፎርሞኖኔቲን የተባለ ውህድ አለ። ሩመን ውስጥ መጀመሪያ ዳይድዜይን፣ ቀጥሎ የሴት ሆርሞን የሚመስል ሥራ ያለው ኢኮል ይሆናል። ወተት ውስጥ የምታገኙት ኢኮሉን ነው እንጂ ፎርሞኖኔቲኑን ብዙም አታገኙትም። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ተሰባብሮ ማንነቱ ይጠፋል። ሣር ውስጥ ያሉት ፖሊፊኖል የሚባሉ ውህዶች አብዛኞቹ ዕጣቸው ይሄ ነው። ስብርባሪው ጉበት ውስጥ ሂፑሪክ አሲድ የሚባል ነገር ይሆንና አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ጥቂቱ ወተት ውስጥ ይገባል። ይህን ሂፑሪክ አሲድ አስታውሱት፤ እርጎ ላይ ስንደርስ ጉድ ያመጣል።

ደረጃ 1፦ የምትፈልጉትን አንድ ነገር ለይታችሁ ያዙ

«ጤናማ እርጎ እፈልጋለሁ» ማለት አይበቃም። የምትፈልጉት ቢጫ ቀለም ነው? ኢኮል ነው? የኦሜጋ-3 ቅባት ነው? ወይስ እርጎው መጥፎ ሽታ እየያዘ አስቸግሯችሁ ነው? እያንዳንዱ የራሱ መኖ፣ የራሱ ጊዜ፣ የራሱ ጣጣ አለው። ሁለቱን አብሮ መሞከር ይቻላል። ግን ውጤቱ ሲመጣ የቱ የቱን እንዳመጣ አታውቁም። እኔ አንድ በአንድ ባይ ነኝ።

ደረጃ 2፦ ከመቀየራችሁ በፊት ያለውን መዝግቡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይሄ ነው፤ በኋላም የሚቆጨው በዚሁ ነው። ለአንድ ሳምንት ላሟ በየቀኑ የበላችውን መዝኑና በደብተር ጻፉ። በግምት አይደለም፣ በሚዛን።

ስትመዝኑ ውኃው እንዳያታልላችሁ። ለምለም ሣር 80 በመቶ ገደማ ውኃ ነው። 50 ኪሎ ለምለም ሣር የበላች ላም በደረቅ ክብደት የበላችው 10 ኪሎ ገደማ ነው። ድርቆሽ ግን ውኃው ከ15 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ አንድ ኪሎ ሣርና አንድ ኪሎ ድርቆሽ ማወዳደር ዋጋ የለውም። ከየመኖው 200 ግራም ወስዳችሁ፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ በዝቅተኛ ሙቀት አድርቁና እንደገና መዝኑ። የቀረው ደረቅ ክብደቱ ነው። ወተት የምትሰጥ ላም በቀን በደረቅ ክብደት የሰውነቷን 3 በመቶ ገደማ ትበላለች። ስሌታችሁ ከዚህ በጣም ከራቀ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት ከወተቱ ናሙና ወስዳችሁ በረዶ ቤት አስቀምጡ። ጠርሙሱ ላይ ቀን ጻፉ። እርጎም ሥሩና ቅመሱት፤ ጣዕሙን በቃላት አስፍሩት። በኋላ «ድሮ እንዲህ ነበር» የሚል ትዝታ ማስረጃ አይሆናችሁም።

ደረጃ 3፦ መኖውን ምረጡ

ለቢጫ ቀለም የሚሆነው። ቤታ ካሮቲን በብዛት ያለው ለምለም ቅጠል ላይ ነው። ፀሐይና አየር ያጠፉታል። ሜዳ ላይ ለቀናት የተሰጣ ድርቆሽ አብዛኛውን ካሮቲኑን አጥቷል። በደንብ የታሸገ የሣር ሳይሌጅ፣ ማለትም አየር ሳይገባው ታሽጎ የኮመጠጠ መኖ፣ የተሻለ ይይዛል። የበቆሎ ሳይሌጅ ግን አነስተኛ ነው፤ ጭድ ደግሞ ምንም የለውም ማለት ይቀላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ለምለም ሣር፣ የሣር ሳይሌጅ፣ በጥላ ወይም ቶሎ የደረቀ ድርቆሽ፣ መጨረሻ ላይ ጭድ ነው። ድርቆሽ ስትመርጡ አረንጓዴነቱን እዩ። አረንጓዴው ከሄደ ካሮቲኑም ሄዷል። ቅጠሉ ረግፎ ግንድ ብቻ የቀረውንም ተዉት።

ዝርያም ድርሻ አለው። ጀርዚና ጉርንዚ የሚባሉት ላሞች ካሮቲኑን ሳይለውጡ በብዛት ወደ ወተት ያሳልፋሉ። ፍየልና ጎሽ ግን ካሮቲኑን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጡታል። ለዚህ ነው የፍየል ወተት ምንም ሣር ብትበላ ነጭ የሚሆነው። ነጭ ስለሆነ ቫይታሚን የለውም ማለት አይደለም።

ለኢኮል የሚሆነው። እዚህ ላይ ቀይ ክሎቨርን የሚያህል የለም። ነጭ ክሎቨርና አልፋልፋ የተለመዱ ናቸው፤ ግን የፎርሞኖኔቲን መጠናቸው በጣም ዝቅ ያለ ነው። አኩሪ አተርም ዳይድዜይን ስላለው ጥቂት ኢኮል ይሰጣል። ቀይ ክሎቨር በሳይሌጅ መልክ ቢሆንም ውህዱ በአመዛኙ ይቆያል። ድርቆሽ ከሆነ ቅጠሉ እንዳይረግፍ ተጠንቀቁ፤ ዋናው ያለው ቅጠሉ ላይ ነው።

ቁጥሩን እናንተው አስሉት። ላሟ በደረቅ ክብደት 10 ኪሎ ቀይ ክሎቨር በላች እንበል። ከዚያ ውስጥ 1 በመቶው አይሶፍላቮን የሚባለው የውህድ ቤተሰብ ቢሆን 100 ግራም ነው። በቀን 20 ሊትር ብትታለብና በየሊትሩ 0.4 ሚሊ ግራም ኢኮል ቢገኝ ጠቅላላው 8 ሚሊ ግራም ነው። 100 ግራም ገብቶ 8 ሚሊ ግራም! ቀሪው በሽንትና በእበት ሄዷል ወይም ሌላ ነገር ሆኗል። አንድ ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት ብቻውን በደርዘን የሚቆጠር ሚሊ ግራም አይሶፍላቮን ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የላም እርጎን እንደ መድኃኒት አትሽጡ። አንድ የሚገርም ነገር ግን አለው። ሰው ዳይድዜይን ቢበላ አንጀቱ ውስጥ ወደ ኢኮል መለወጥ የሚችለው ሁሉም አይደለም፤ ከሦስት ሰው አንዱ ወይም ከሁለት አንዱ ገደማ ነው። ላም ግን ለሁሉም ሠርታ ታቀርባለች።

ለተልባ ውህዶች የሚሆነው። ተልባ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። አንደኛው ሊግናን የሚባል ውህድ ነው። ሆዷ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ኢንተሮላክቶን ወደሚባል ነገር ይለውጡትና ወተት ውስጥ ይገባል። ሊግናኑ በብዛት ያለው ገለፈቱ ላይ እንጂ ዘይቱ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ዘይቱ የወጣለት ፋጉሎም ለዚህ ዓላማ ይሠራል። ሁለተኛው አልፋ ሊኖሌኒክ የሚባለው የኦሜጋ-3 ቅባት ነው። እሱን ከፈለጋችሁ ፍሬውን ራሱን ያስፈልጋችኋል። ሩመን ግን አብዛኛውን ቅባት ባሕርዩን ይለውጠዋል፤ ወተት የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

ለመዓዛ የሚሆነው። አንድ ዓይነት ሣር ብቻ ካለበት ማሳ ይልቅ ብዙ ዓይነት አበባና ቅጠላ ቅጠል የተቀላቀለበት የተራራ ግጦሽ ተርፒን በብዛት አለው። ይህ ልዩነት አይብ ውስጥ ሳይቀር ይታያል፤ ተመራማሪዎችም አይቡ ከየትኛው ግጦሽ እንደመጣ ለመለየት ይጠቀሙበታል። እርጎ ላይ ግን የኮምጣጣው ጣዕም ስለሚያይል መዓዛው ብዙ አይሰማም። ለእርጎ ብላችሁ በዚህ አትድከሙ።

ስለ ጎመን ዘርና ስለ ጎመን አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ግሉኮሲኖሌት የሚባሉ ውህዶች አሏቸው። ሆድ ውስጥ ሲፈርሱ አዮዲን ወደ ወተት እንዳይገባ ያግዳሉ። ፋጉሎው በብዛት ከተሰጠ የወተቱ አዮዲን ይቀንሳል። ቀለሙም ጣዕሙም ላይ ምልክት ስለሌለው ማንም አያየውም።

ደረጃ 4፦ ቀስ ብላችሁ ቀይሩ

ተሕዋስያኑ አዲስ መኖ ለመልመድ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይፈልጋሉ። በአንድ ጀምበር የቀየረ ሰው የሚያገኘው አዲስ እርጎ ሳይሆን የታመመች ላም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከአሮጌው ሩቡን ብቻ በአዲሱ ተኩ። በሁለተኛው ግማሹን። በሦስተኛው ወደምትፈልጉት መጠን ድረሱ። ማመስኳት ከቀነሰች፣ እበቷ ከቀጠነ ወይም ወተቱ ድንገት ከወረደ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለሱ።

ለምለም ክሎቨርና አልፋልፋ ሆድ ይነፋሉ። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ላም በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች። የተራበች ላም ወደ ክሎቨር ማሳ አትልቀቁ። መጀመሪያ ድርቆሽ አብሏት። ጤዛው ሳይረግፍ አታስግጧት። በግራ ጎኗ በኩል ሆዷ ከተወጠረ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ ነገ እናያለን አትበሉ።

ቀይ ክሎቨር ሌላም ጠባይ አለው። ኢኮል የሴት ሆርሞን የሚመስል ሥራ ይሠራል። በ1940ዎቹ በምዕራብ አውስትራሊያ የቀይ ክሎቨር ዘመድ በሆነ ሌላ ክሎቨር ላይ የተሰማሩ በጎች በብዛት መካን ሆነው ነበር፤ «የክሎቨር በሽታ» ተባለ። ላሞች እንደ በጎች አይጎዱም። ያም ሆኖ ልታስጠቁ የተዘጋጃችሁትን ጊደር ሙሉ መኖዋን ቀይ ክሎቨር አታድርጉ። ከሣር ጋር ቀላቅሉት።

ተልባ ላይ ደግሞ ሦስት ነገር። ሙሉ ፍሬውን ብትሰጡ ብዙው ሳይፈጭ በእበት ይወጣል፤ ስለዚህ ሸርከት አድርጋችሁ ፍጩት። የተፈጨው ቶሎ ስለሚበላሽ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ብቻ ፍጩ። በሞቀ ውኃ ዘፍዝፋችሁ ግን አታሳድሩት። ተልባ ውስጥ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚለቁ ውህዶች አሉ፤ ለብ ያለ ውኃ መርዙን ያስነሳዋል። በደረቁ ስጡ። ለትልቅ ላም በቀን 250 ግራም ጀምራችሁ በሦስት ሳምንት እስከ አንድ ኪሎ መድረስ ይቻላል። ከዚያ አታስበልጡ። ቅባት ሲበዛ የሩመን ተሕዋስያን ይታመማሉ፤ የወተቱም ስብ ይወርዳል።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን ዕወቁ

ብዙ ሙከራ የሚከሽፈው እዚህ ነው። መኖው ዛሬ ተቀየረ፣ ነገ ወተቱ ተለካ፣ «ምንም ለውጥ የለም» ተባለ።

ሽታ በሰዓታት ይመጣል። ላሟ የዱር ሽንኩርት ከበላች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወተቱ ውስጥ ሊሸት ይችላል። መንገዱ ሆዷ ብቻ አይደለም። ሽታውን በአፍንጫዋ ትስበዋለች፤ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ግት ይሄዳል። ሳይሌጅ የሚሸትበት በረት ውስጥ የታለበ ወተት ሳይሌጅ የሚሸተው ለዚህም ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ኃይለኛ ሽታ ያለውን መኖ ከታለበች በኋላ ስጧት፤ ከማለባችሁ በፊት ባሉት 4 ወይም 5 ሰዓታት ግን አርቁት። በረቱንም አናፍሱት። አንድ ሰሞን እርጎዬ ሽንኩርት ሽንኩርት እያለ እርሾ ስለውጥ፣ ዕቃ ሳጥብ ከረምኩ። ጥፋቱ ለካ አጥሩ ጥግ በቅሎ ነበር።

ኢኮልና ኢንተሮላክቶን በቀናት ውስጥ መታየት ይጀምራሉ፤ እስኪረጋጉ ግን ሁለት ሳምንት ስጧቸው። የቅባቱ ዓይነትም እንደዚያው። ካሮቲን ይዘገያል፤ በላሟ ስብ ውስጥ ስለሚከማች ሣሩ ቢቆምም ቀለሙ ወዲያው አይጠፋም። ስለዚህ ሙሉ መጠን ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆዩ። ከዚያ በተከታታይ ቀናት ናሙና ውሰዱ። የማታና የጠዋት አለባ ስለሚለያይ ቀላቅሏቸው።

ደረጃ 6፦ እርጎውን ሥሩ

እዚህ ላይ ፈጠራ አያስፈልግም። ዓላማችሁ መኖውን ማወዳደር ከሆነ የቀረው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት እርሾ፣ አንድ ዓይነት ሰዓት። ወተቱን እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቁና 30 ደቂቃ አቆዩት። ወደ 43 ዲግሪ አብርዱት። ከ2 እስከ 3 በመቶ እርሾ ጨምሩ። ሳታንቀሳቅሱ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ተዉት። የአሲድነት መለኪያ ካላችሁ ፒ ኤቹ 4.6 ሲደርስ አቁሙና ቶሎ አቀዝቅዙት።

ማሞቁም ሆነ መርጋቱ ኢኮልን አያጠፋውም። ካሮቲኑም ሙቀቱን ብዙ አይፈራም፤ የሚፈራው ብርሃንን ነው። ወተት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ቢ2 ብርሃን ሲያገኝ ካሮቲኑን ያፈራርሳል፤ ካርቶን ካርቶን የሚል ጣዕምም ያመጣል። ግልጽ ብርጭቆ ውስጥ አስገብታችሁ መስኮት ላይ አታስቀምጡት። በተልባ የመጣ እርጎ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ቅባቱ ቶሎ ይበላሻል። ከተልባው ጋር ለምለም ሣር መስጠት ይረዳል፤ ሣሩ የሚያመጣው ቫይታሚን ኢ ቅባቱን ይጠብቃል።

ክሬሙን ትገፍፋላችሁ ወይስ ትተዋላችሁ? ይህ ከመኖው እኩል ወሳኝ ነው። ካሮቲን፣ ኦሜጋ-3ና ቫይታሚን ኢ ያሉት ስቡ ውስጥ ነው። ክሬሙ ከወጣ አብረው ወጡ። ሦስት ወር ለቢጫ እርጎ ስትለፉ ቆይታችሁ ክሬሙን ለቅቤ ከወሰዳችሁ ቢጫውን የሚበላው ቅቤ በዪው ነው። ኢኮልና ኢንተሮላክቶን ግን በአብዛኛው ጉበት ውስጥ ከስኳር ዘመድ ጋር ተጣብቀው በውኃው ክፍል ይሄዳሉ። ስቡ የወጣለት ወተትም ይይዛቸዋል። በተቃራኒው እርጎውን በጨርቅ አጥልላችሁ ብታወፍሩት አጓቱ ይዟቸው ይሄዳል። ስለዚህ ለቀለም ከሆነ ክሬሙን ተዉት፤ ለኢኮል ከሆነ አጓቱን አትድፉት። በማሽን የተመታ ወተት የስቡ እንክብል ስለሚደቅ ነጣ ብሎ ይታያል። ካሮቲኑ ግን አለ። ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ።

አሁን ወደ ሂፑሪክ አሲድ እንመለስ። ለምለም ሣር የምትግጥ ላም ወተት ውስጥ ይህ ነገር ከፍ ይላል። ወተቱ ሲረጋ የእርሾ ባክቴሪያዎች ሂፑሪክ አሲዱን ሰብረው ቤንዞይክ አሲድ ያወጣሉ። ቤንዞይክ አሲድ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ለስላሳ መጠጥ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ማቆያ ነው። እናም ምንም ሳትጨምሩ የሠራችሁት ንጹሕ እርጎ ላቦራቶሪ ሲገባ በኪሎ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊ ግራም ቤንዞይክ አሲድ ሊገኝበት ይችላል። በዚህ ምክንያት ኬሚካል ጨመርክ የተባለ ሰው ቢኖር አይገርመኝም። እንዲህ ያለ ውጤት ከመጣባችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። ከዚያው ቀን ያልረጋውን ወተት አብራችሁ አስመርምሩ፤ ወተቱ ላይ ቤንዞይክ አሲዱ ትንሽ ሆኖ እርጎው ላይ ከጨመረ ያመጣው መርጋቱ ነው። ቀጥሎ የመኖ ደብተራችሁን አውጡ። ደረጃ 2 ላይ ጻፉ ያልኳችሁ ለዚህ ቀንም ነው።

ደረጃ 7፦ አደገኛውን አጣሩ

ከመኖ የሚመጣው ሁሉ መልካም አይደለም። ዋናው ጠላት ሻጋታ ነው። ሻጋታ የያዘው በቆሎ ወይም ፋጉሎ አፍላቶክሲን ቢ 1 የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። ላሟ ስትበላው ጉበቷ ወደ ኤም 1 ይለውጠውና በአንድ ቀን ውስጥ ወተት ላይ ይታያል። ከበላችው ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ያልፋል፤ ብዙ በሚታለቡ ላሞች ደግሞ እስከ 6 በመቶ። ማፍላት አያጠፋውም፤ እርጎ መሆኑም አያስተማምንም። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ በኪሎ ወተት 0.5 ማይክሮ ግራም ድረስ ይፈቅዳል። የአውሮፓ ኅብረት ግን 0.05 ብሎ አጥብቆታል። ደግነቱ መኖው ከቆመ በሦስት ወይም በአራት ቀን ወተቱ ይጠራል። የሻገተውን ከደህናው ጋር ቀላቅሎ ማሳለፍ ግን ብልሃት አይደለም።

ግጦሽ ላይ ያለ መርዛማ ተክልም አለ። ብራከን የሚባለው ፈርን መርዙን በወተት ያሳልፋል። በ1818 የአብርሃም ሊንከን እናት የሞቱት መርዛማ ተክል ከበላች ላም ወተት ጠጥተው እንደሆነ ይታመናል፤ በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ በሽታው ብዙ ሰው ጨርሷል። ላሟ ሌላ ምርጫ ካላት እንዲህ ያለውን ተክል ትሸሻለች። የምትበላው ሣር ሲጠፋ ነው። ስለዚህ በድርቅ ወቅት ማሳችሁን በእግራችሁ ዙሩ።

ደረጃ 8፦ ቅመሱ፤ ግን በሥርዓት

ላቦራቶሪ ውድ ነው፤ ምላስ ግን ነጻ። ችግሩ ምላስ ተስፋ ያደርጋል። አዲሱን መኖ የመረጠ ሰው አዲሱ እርጎ ይጣፍጠዋል። ይህን ለማምለጥ ሦስት ተመሳሳይ ኩባያ አዘጋጁ። በሁለቱ አንድ ዓይነት እርጎ፣ በሦስተኛው ሌላኛውን አድርጉ። የቱ የት እንዳለ የሚያውቀው የቀዳው ሰው ብቻ ይሁን። ቀማሹ የተለየውን ይጠቁም። በጭፍን የሚገምት ሰው ከሦስት አንዴ ይመታል። 12 ሰው ብታስቀምሱና 8ቱ ወይም ከዚያ በላይ በትክክል ቢጠቁሙ ልዩነቱ አለ ማለት ትችላላችሁ። ከዚያ ካነሰ በምላስ የሚለይ ነገር አልተገኘም።

ቀለሙ እንዳያጋልጣችሁ መብራቱን ደብዘዝ አድርጉት ወይም ዓይናቸውን አስጨፍኑ። ቢጫው እርጎ ቀርቦ ነጩ ከጎኑ ካለ ሰው በምላሱ ሳይሆን በዓይኑ ይቀምሳል። ቀለሙን ለብቻው ማወዳደር ከፈለጋችሁ ደግሞ በነጭ ሳህን ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እዩ። ፎቶም አንሱ። በረዶ ቤት ያስቀመጣችሁትን የድሮ ናሙና የምታወጡት አሁን ነው። ለላቦራቶሪ የሚሆን ገንዘብ ካላችሁ የድሮውንና የአዲሱን ወተት በአንድ ቀን፣ ለአንድ ላቦራቶሪ ስጡ፤ በተለያየ ጊዜ የተለካ ቁጥር ማወዳደር ያስቸግራል። የመኖውን ናሙናም አብራችሁ ላኩ። ወተቱ ላይ ኢኮል ሳይገኝ ቀርቶ መኖው ላይም ፎርሞኖኔቲን ከሌለ፣ ቀይ ክሎቨር ተብሎ የተሸጠላችሁ ሌላ ነገር ነው።